ደህና ነሽ ይላል

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። አላፍርበትም፤ በልጅነቴ ያላስተማረኝ ይፈር። ላምበረት መናኸሪያ ዕቃ ስሸከም በኖርኩባቸው ዓመታት የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ የማውቀው በቀለሙና በሾፌሩ ፊት ነበር። ጉልበቴ እምቢ ሲል መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ዘበኛ ልቀጠር ሄድኩ። የእንግዳ መዝገብ መጻፍ የማይችል አንቀጥርም አሉኝ። ስለዚህ ተማርኩ።

ከእኔ ይልቅ የተደሰተችው ሚስቴ ናት። እሷ እስከ ዛሬም አታነብም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን በመስኮት ጽሑፍ እያሳየች፣ "ያኛውስ ምን ይላል?" ትለኛለች።

"ፀጉር ቤት።"

"ያኛውስ?"

"የሚከራይ ቤት አለ።"

ከዚያ አጠገቧ ወዳለው መንገደኛ ዞር ብላ፣ "የኔ ሰውዬ እኮ ያነባል" ትላለች፤ ታክሲው ውስጥ ያለው ሌላው ሰው ሁሉ የማያነብ ይመስል። የካ ሚካኤል ዳገቱ ላይ በተከራየንበት ግቢ ይሄን ያልነገረችው ጎረቤት የለም። ዝም በይ እላት ነበር። ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ይነገር።

አንገቷ ላይ እብጠት የወጣው የዚያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ ሽንብራ ታህል ነበር፤ ኋላ ሎሚ አከለች። ሐኪም ቤት ሄድን፤ በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። ውጤቱን በመስኮት የሰጠችን ልጅ፣ "ለዶክተሩ አሳዩት፤ ዛሬ የለም፣ ሰኞ ኑ" ብላ ቀጣዩን ባለ ወረፋ ጠራች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተጠጋግተን ተቀመጥን።

"በል አንብብልኝ" አለች ሚስቴ።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል ነው። ከቁጥሮቹ በቀር የማውቀው ምንም የለበትም። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት እናት አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ፤ ሚስቴ አስቀድማ፣ ያነባል ብላ ነግራቸዋለች።

"ምን ይላል?"

"ደህና ነሽ ይላል" አልኩ።

በቃ፣ ሦስት ቃል። ለምን እንዳልኩት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሰኞ ዶክተሩ ያስተካክለዋል ብዬ ነው ልል እችላለሁ፤ ውሸት ነው። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።

ወረቀቱን ቀማችኝና ሳመችው። እዚያው ኮሪደር ላይ እልል አለች። "ሰወረኝ! እግዜር ሰወረኝ!" እናትየዋም አብረዋት እልል አሉ። ይሄ ቃል ያን ቀን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሰወረኝ ስትል ጋረደኝ፣ ከክፉ አዳነኝ ማለቷ ነው። ከፊቱ አንዲት "ተ" ስትለጥፍበት ግን ተሰወረ ይሆናል፤ ጠፋ፣ ተደበቀ። በእርጅና ፊደል የቆጠረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያልፈውም።

ሰኞ አልሄድንም። "ደህና ነሽ ካለኝ ዶክተሩ ምን ያደርግልኛል? የታመመ ሰው ወረፋ ልሻማ?" አለች። ባይሆን ምስጋና ማድረስ አለብኝ ብላ በየቅዳሜው እንጦጦ ጸበል ታወጣኝ ጀመር።

ወረቀቱ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። የዘበኛ ልብሴን ስቀይር እሱም ኪስ ይቀይራል። የምጠብቀው ሕንፃ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሞልቷል፤ ቀኑን ሙሉ በፊቴ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አንዱን አስቁሜ ባስነብበው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ካነበቡልኝ ማወቄ ነው። ካወቅሁ መንገር አለብኝ። ከነገርኳት ደግሞ ደህና ነሽ ያላት ወረቀቱ ሳይሆን እኔ መሆኔ ይወጣል። ወዲህም ብል ወዲያም ብል እዚያው ነኝ። ዛሬ፣ ነገ ስል ሁለት ወር ሄደ። ፊደል ባልቆጠርኩ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው፤ መሃይም ብሆን ኖሮ አንብብልኝ የሚለኝ አልነበረም።

እንጦጦ ላይ ሴቶቹ የሚጠመቁበት በሸራ የተከለለ ነው። እኔ ውጪ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍባት ትንፋሿ ሲቆረጥ ይሰማኛል፤ ከዚያ ደግሞ ምስጋናዋ ይቀጥላል። እኔ በበኩሌ እግዚአብሔርን፣ "አንተ ንገራት" እለው ነበር። "ሕልም አለህ፣ መልአክ አለህ። እኔ ያለኝ አንድ አፍ ነው፤ እሱንም በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ። አንዴ ብቅ በልና ንገራት።" ብቅ አላለም። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰባኪ ግን ነበር። እግዚአብሔር የሚሰወረው ነፃነታችንን እንዳይነካ ነው፤ በግልጽ ብናየው የምንወደው ፈርተን ይሆናል ይላል። ሳዳምጥ ቆየሁና ተናደድኩ። ሕፃን ልጅ የእናቷን ፊት ስላየች ነው ነፃነቷን የምታጣው? እናትየዋ ብትሰወርባት ልጅቷ ነፃ ወጣች ይባላል ወይስ ተጣለች?

አንድ ቅዳሜ በጸበሉ የሚያጠምቁትን ቄስ መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ ጠየቅኋቸው።

"አባ፣ እግዚአብሔር ይወደናል አይደል?"

"እንዴታ፣ ልጄ።"

"የሚወድ ይደበቃል?"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ፀሐይን አፍጥጠህ ማየት ትችላለህ?"

"አልችልም። ግን ትሞቀኛለች አባ። እሱ አይሞቀኝም።"

"አንተ ነገረኛ ነህ" ብለው ሳቁና ከያዙት ጆግ ፊቴ ላይ ቸለሱብኝ። "ይሄስ?"

"በረደኝ።"

"እሰይ! አንድ ነገርማ ተሰምቶሃል።"

ዙሪያችን የቆመው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሸራው ወጥታ የደረሰችው ሚስቴ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀችኝ። ድምጿ ሻክሮ ነበር። "ብርዱ ነው" አለች። እብጠቱን የሚሸፍን ነጠላ ከጠመጠመች ሰንብታለች፤ ማደጉንም ታውቃለች። ጸበሉ ወደ ውጪ እያወጣው ነው ትለኝ ነበር።

ያንን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። በማግስቱ እሑድ ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ግቢያችን ውስጥ ወደምትከራየው ልጅ ሄድኩ። ቢሮ የምትሠራ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች ጨዋ ልጅ ናት። ልብስ እያጠበች ነበር።

"ይቺን ወረቀት እይልኝ እስቲ።"

"ሶሪ ጋሼ፣ እጄ አረፋ ነው፤ አንዴ ልጥረገው።"

አነበበች። አንድ ገጽ ሆኖ ሳለ ቆየችበት።

"ይሄ መቼ የመጣ ነው ጋሼ?"

"ሰሞኑን።"

"ጋሼ፣ ቀን አለበት እኮ።"

ዓይኔን ሳፋው ላይ ጣልኩ።

"እኔ ዶክተር አይደለሁም" አለች። "ግን ካንሰር ይላል። በአስቸኳይ ሐኪም ይያት ይላል። እትዬ ያውቃሉ?"

"ደህና ነሽ ተብላለች።"

"ማን ነው ያላቸው?"

"እኔ።"

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ አልተሳደበችም። ወደ ሳፋዋ ተመልሳ ያንኑ አንድ ሸሚዝ ማሸት ጀመረች።

ሚስቴ ስትመለስ ነገርኳት። ምስር በሰፌድ ዘርግታ እየለቀመች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የፈረንጅ ፊደል መሆኑን፣ አንዲት ቃል አለማንበቤን፣ ጎረቤታችን ያለችውን። ጠጠር የያዙት ጣቶቿ ባሉበት ቀሩ።

"ታዲያ አላውቅም አትልም?" አለች።

"አፍሬ ነው።"

"ማንን? እኔን?"

ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አዞርኩት። "ሁለት ወር ሙሉ እንጦጦ ቆሜ ስለምነው ነበር" አልኳት። "እንዲነግርሽ። በሕልም እንኳ። ይወደኛል የምትዪው አምላክሽ ጭጭ አለ። የት ነበር?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"እሱን ተወው" አለች። "እሱ ዝም ነው ያለኝ። ደህና ነሽ አላለኝም።"

ከዚያ ምስሯን ለቅማ ጨረሰች።

ዶክተሩ ወረቀቱንም አንገቷንም አየና፣ "ቆይታችኋል" አለ፤ ሌላ የወቀሳ ቃል አልጨመረም። እሷም የቆየነው በማን እንደሆነ አልነገረችውም። ልትነግረው ይገባ ነበር። ያን ቀን የሰጡንን ወረቀት ሁሉ በራሷ ቦርሳ ያዘች፤ ማስነበብ ስትፈልግ ነርሶቹን ትጠራለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ እንዳልኩ።

አሁንም እግዚአብሔር ለምን እንደሚደበቅ አስባለሁ። ሰባኪዎቹ ለፍቅር ሲል ነው ይላሉ። እኔ የማውቀው የመደበቅ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ኀፍረት። ሚስቴን እወዳታለሁ፤ እውነቱን የደበቅኋት ግን ስለምወዳት አይደለም። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ብል ያምርልኝ ነበር፤ ብዬውም ነበር፣ ለራሴ። እሱም ይሄን ሁሉ በሽታችንን አይቶ የሚለው ጠፍቶት አፍሮ ከሆነ የተቀመጠው፣ ይውጣና ይንገረን። ከእነዚያ ሁሉ ሰባኪዎች ይልቅ እኔ ይገባኛል። ይቅር እንደምለው ግን እንጃ።

ቀዶ ጥገናው ነገ ነው በተባለ ዕለት ከሰዓት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ድምጿ ከሹክሹክታ አያልፍም። እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጋ ጣሪያውን እያየች፣

"እድናለሁ?" አለችኝ።

ደህና ነሽ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ያኔ ማለቱ ቀለለኝ፤ ብላት ማን ይከለክለኛል? በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ የሚመልስላት አልነበረም።

"አላውቅም" አልኳት።

አንገቷን በራሷ ማዞር ስለሚያማት መላ ሰውነቷን ቀስ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ አለበስኳት። እንቅልፍ ይውሰዳት፣ ፊቷን ትደብቀኝ፣ ከኋላዋ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። የጠያቂ ሰዓት አልቋል ብለው እስኪያስወጡኝ ጀርባዋን እያየሁ ተቀመጥኩ።