የአዋላጇ እንቁላሎች

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታዋልድ የኖረች ነርስ ናት። ከከተማው ወጣ ባለች ጤና ጣቢያ ነበር የምትሠራው። ጡረታ ከወጣች በኋላም አብሯት ገበያ መሄድ ፈተና ነበር፤ በየሁለት እርምጃው አንዲት እናት ታስቆማትና «ይሄን ልጅ አወቁት? እርስዎ እኮ ነዎት የተቀበሉት» ትላታለች። እናቴም እዚያው መሃል ገበያ ላይ፣ ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረውን ጎረምሳ ከላይ እስከ ታች አይታ «አንተ ነህ እንዴ በእግርህ የመጣኸው? ስንቱን አሳየኸን እኮ» ትላለች። ልጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። እሷ ግን ሰውን የምታስታውሰው በስሙ ሳይሆን በአመጣጡ ነበር፤ በእግሩ የመጣ፣ እትብት አንገቱ ላይ የተጠመጠመበት፣ መንታ ሆኖ ከወንድሙ ኋላ የተደበቀ።

ከዚያ ስትሮክ መታት። ነፍሷ ተረፈች፣ አፏም ተፈታ፣ ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆን አለ፤ ይንቀጠቀጣል፣ የያዘውን ይጥላል። ብቻዋን መኖር ስለማትችል አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጣናት። ሐኪሙ «መራመድ ይችላሉ፤ ይንቀሳቀሱ። ከተኙ ግን ተኝተው ነው የሚቀሩት» ብሎ ነበር የሸኘን። እሷ መተኛቱን መረጠች። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጋቢዋን እስከ አናቷ ተከናንባለች፤ ማታ ስመለስም ያው ናት። ከምሳዋ ሁለት ጉርሻ ትቀምስና ሳህኑን ትገፋዋለች።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ። በረንዳ ላይ እንኳ ተቀመጪ።»

«ተነሥቼ ምን ልሥራ?»

እውነቷን ነው። ሽንኩርት ልክተፍ እንዳትል እጇ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላንብብ እንዳትል ዓይኗ። ቴሌቪዥን ደግሞ ከድሮም ትንቀዋለች። እኔ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ጥርሴን ሳሳይ እውልና ቤቴ ስገባ ለገዛ እናቴ የሚሆን ፈገግታ አይተርፈኝም። ደግሞ ፈርቼ ነበር። እንደተኛች ትሞትብኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት።

የእንቁላሉን ነገር ያመጣው ባሌ ነው። ባሌ ስልክ ይጠግናል፤ ስልክ ላይ ያየውን ሁሉ ደግሞ ካልሞከርኩ ባይ ነው። አንድ ጊዜ ሳሙና ሠርቶ የሁላችንንም እጅ ልጦታል። ያን ሰሞን በካርቶንና በአምፖል ጫጩት የሚያስፈለፍል ሰው አይቶ መጣ።

«ዶሮ ምን ሆና ነው አንተ እንቁላል የምትታቀፈው?» አልኩት።

ከመኝታ ቤት ሳቅ ተሰማ። እናቴ ነበረች። ወደ እኛ ቤት ከመጣች ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለባሌ ያዘጋጀሁትን ስድብ ዋጥ አድርጌ «እሺ፣ ሞክረው» አልኩት።

መጀመሪያ ከሱቅ እንቁላል ገዝቶ መጣ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ «እናታቸው አውራ ዶሮ ነበራት?» ብላ ጠየቀችው። ባሌ እንቁላልም አባት እንደሚያስፈልገው የተማረው ያን ቀን ነው። የሱቁ እንቁላል አውራ ዶሮ በዓይኗ አይታ የማታውቅ፣ እርባታ ውስጥ ተዘግቶባት የምትውል ዶሮ የጣለችው ነው፤ መቶ ቀን ቢሞቅ ጫጩት አይወጣውም። ሳምንቱን ሙሉ የእንቁላል ጥብስ በላን። ቀጥሎ አምፖል ገዛ። እሱም ቆጣቢ የሚባለው ሆኖ፣ ቤቱን ሁሉ ቦግ አድርጎ ሲያበራ ካርቶኑን ለብ እንኳ አላደረገውም። የሚያሞቀውን የድሮውን ቢጫ አምፖል ፍለጋ ከተማውን ሲያዳርስ ሰነበተ።

ደህናውን እንቁላል ያመጡልን ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ በኩል ዶሮ የሚያረቡ አንዲት እናት ናቸው። ልጆቻቸውን በሙሉ የተቀበለችላቸው እናቴ ናት። ጭድ የሞላበት ዘንቢል አቅፈው መጡና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው «እኛን ስንት ዘመን ሲያዋልዱን ኖሩ፤ አሁን ደግሞ የዶሮዎቼ ተራ ነው» አሏት። ለቀልድ ነበር የተናገሩት። እናቴ ግን ዘንቢሉ ውስጥ እጇን ከትታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ስትዳብስ አየኋት።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ አልጋዋ ባዶ ነው። ክው አልኩ። ሳሎን ገብቼ ሳይ ሻሿን አስራ፣ ካርቶኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እንቁላሉ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ካልተገላበጠ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል ተብለናል፤ ባሌም የተገላበጠው እንዲታወቅ በእርሳስ በአንድ በኩል መስቀለኛ፣ በሌላው በኩል ክብ ምልክት አድርጎባቸው ነበር። የማገላበጡን ሥራ እናቴ በግራ እጇ ተረክባዋለች። እያገላበጠች በሲዳምኛ ታወራቸዋለች። ምን እንደምትላቸው ብትጠይቋት «የእኛ ጉዳይ ነው» ነበር መልሷ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግ ነበሩ። ምሳዋን ካርቶኑ አጠገብ ትበላለች፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ካርቶኑ ውስጥ አየሩ እንዳይደርቅ ስለምናስቀምጠው ውሃ ከባሌ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች። እሱ «እማማ፣ ይበቃዋል፤ አያስቡ» ይላታል። እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ እሱ እየሰማ፣ «ይሄን ልጅ ማን ነው ባለሙያ ያለው?» ትለኛለች። መብራት ሲሄድ ካርቶኑን በጋቢዋ ትጠቀልልና ውሃ አስፈልታኝ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስሞልታኝ በየጎኑ ታስገባለች። ራሷ ብርድ እንደሚሰማት እንኳ ትረሳው ነበር።

አንድ ቀን መጋረጃውን ዘግተን አንዱን እንቁላል በስልክ ባትሪ አየነው። እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩን፤ መሃላቸው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። እናቴ ሻንጣዋን አስከፈተችኝና ጤና ጣቢያ ሳለች የምትጠቀምባትን፣ ከእንጨት የተሠራች የፅንስ ልብ መስሚያዋን አወጣች። አንዱን ጫፍ እንቁላሉ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ይሰማል?» አልኳት።

«ዝም በይ እስቲ።»

ምንም እንደማይሰማ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም እስክትጨርስ ጠበቅኳት። እናቴ ተነሥታለች፣ ትበላለች፣ ትቆጣለች፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ደስታዬን ግን ለሰው አላወራሁም። የወንጌል አማኝ ብሆንም ዓይን እፈራለሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ከቅርፊቱ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ መሰማት ጀመረ። ሦስት እንቁላሎች ላይ ስንጥቅ ወጣ። የቡሹሎዋ እናት በስልክ አጥብቀው ነገሩን፤ ጫጩት ቅርፊቱን አንዴ ከነቆረ በኋላ አርፎ ይተኛል፣ ቀንም ሌሊትም ሊቆይ ይችላል፣ ሞተ ብላችሁ እንዳትነኩት አሉ። እኔም ለእናቴ ደግሜ፣ ደጋግሜ ነገርኳት።

«ሰማሁ እኮ። በሽታው የመታኝ ጆሮዬን አይደለም» አለችኝ።

በነጋታው ሆቴሉ ውስጥ ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ነበሩብን፤ ቁልፍ ሳቀብል፣ መታወቂያ ስቀበል ዋልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩላት፤ አታነሣም። ካርቶኑ ላይ ተተክላ ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሥራ እንዳለቀ እንደ ሌላው ቀን ታክሲ ልጠብቅ እንኳ አላልኩም፤ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ በረርኩ።

በርጩማዋ ላይ ናት። ጭኗ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታለች፤ ጨርቁ ላይ ሦስት ጫጩቶች ተጋድመዋል። እርጥብ ናቸው። ጨርቁ ደም ነክቶታል፣ የቅርፊት ስብርባሪ ጫማዋ ዙሪያ ተበትኗል። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ድምፁ ጠፋ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «ጠዋት ይጮህ ነበር። ከዚያ ደከመው። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ምጥ ሲጠና ቁጭ ብሎ የሚያይ ምን ዓይነት አዋላጅ ነው?»

የመጀመሪያውን ስትልጠው ደማ። ታፍኖ ቆይቶ ነው ብላ ሁለተኛውን ለማትረፍ ተጣደፈች፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ጫጩቱ አርፎ የሚተኛው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ የሚዞረው ደም ወደ ሰውነቱ እስኪገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ከተላጠ ደሙ ይፈስሳል። ይህን ባሌ ማታ ቀስ አድርጎ አስረዳት። እሷ ግን የምታየው ቀኝ እጇን ነበር።

«እጄ ከዳኝ» አለች።

«እጅሽ አይደለም፣ እማዬ። የማይንቀጠቀጥ እጅም ቢልጠው ይሞት ነበር» አልኳት። ላጽናናት ብዬ ነው።

 «እንግዲያው ሙያዬ ነዋ የከዳኝ።»

ሦስተኛው ጫጩት ብዙም አልቆየ። ባሌ ግቢው ጥግ ቀበራቸው፤ አጥሩ ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ጥንብ የሚበላ ትልቅ ወፍ ቆሞ ያየው ስለነበር ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጎ ቆፈረው። እናቴ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። እራት አልቀመሰችም።

በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ኅብረት እህቶች ሊጠይቋት መጡ። አንዷ የሆነውን ስትሰማ «ጫጩት እኮ ነው፣ እማማ። ለጫጩት እንዲህ ይኮናል?» አለቻት። እናቴ በትሕትና «እውነትሽን ነው ልጄ» አለች። እኔ ግን በገንኩ። ሲጸልዩ አሜን አላልኩም፤ ሻዩንም ስኳር ሳልጨምርበት ነው ያቀረብኩላቸው። እናቴ እጅ ላይ የሞቱ ሕፃናት እንደነበሩ አውቃለሁ፤ በልጅነቴ አንዳንድ ቀን ከሥራ መጥታ ሳታወራን የምትተኛው ለዚያ ነበር። በእጇ ምክንያት የሞተ ግን አንድም አልነበረም። ይህን ትኮራበት ነበር። ለእህቶቹ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ቢጨርሱልኝና ቢሄዱልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

እነሱን ሸኝቼ ስመለስ ከሳሎኑ ጥግ ጫጫታ ሰማሁ። ካርቶኑን ሁላችንም ረስተነው ነበር። ክዳኑን ስገልጠው ያልተነኩት እንቁላሎች ተሰብረዋል፤ ጫጩቶቹ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ይንጫጫሉ። ግማሾቹ ደርቀው ቆመዋል፣ ግማሾቹ ገና እርጥብ ናቸው። እንባዬ መጣ። አሁን ትነሣለች ብዬ ነው ያሰብኩት። አምፖሉን ነቅዬ ካርቶኑን እንዳለ ተሸከምኩና አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«እማዬ፣ ዙሪ እስቲ። ተገላገልን። ይኸው ወጡ።»

ዞረች። ብዙ ጊዜ ወስዳ አየቻቸው። ግራ እጇን አስገብታ የአንዱን ጀርባ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ማን አወጣቸው?» አለች።

«ማንም። ራሳቸው ወጡ።»

በደስታ ነው የመለስኩላት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ፊቷን ሳይ ነው። እጇን ከካርቶኑ አውጥታ ጋቢዋ ውስጥ ከተተችው። ቁጣ የለባትም። ምጥ የያዛትን ሴት በምታናግርበት ለስላሳ ድምፅ ነው ያናገረችኝ።

«አይዞሽ ልጄ። ከእኔም ለመገላገል ትንሽ ነው የቀረሽ።»

እንደሱ አይባልም ልላት አፌን ከፈትኩ። ድካሙ ነው መሰለኝ፣ ቃሉ ወዲያው አልመጣልኝም። ስናገረው ዘግይቼ ነበር፤ እሷም መዘግየቴን ሰማች።

«እሺ» አለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ካርቶኑን መልሺው፣ ይበርዳቸዋል።»