የሁለት ድስት ሒሳብ

ባለፈው ሳምንት የሠርግ ጥሪ በስልኬ ደረሰኝ። «የክርስቲያን ወይስ የሙስሊም ምግብ?» ይላል፤ አንዱን ነካ ማድረግ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። የዛሬ ሙሽሮች እንዴት ቀለላቸው!

ወንድሜ ያገባው ከኮሮና ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በረዶው ቀልጦ እዚህ ባሕር ማዶ የሰፈራችን የፊሊፕስ መንገዶች ጭቃ በጭቃ በሆኑበት ሰሞን ነው። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የኮሌጅ አልጀብራ ወድቄ እደግም ነበር። እማዬ ጴንጤ፣ አባዬ ሙስሊም ስለሆኑ በቤታችን ድግስ ሁለት ድስት ይጣዳል። ቀደም ሲል በእህቴ ሠርግ ታዲያ የሙስሊሙ ድስት አንሶ፣ የአባዬ ጓደኞች፣ የኤርፖርት ታክሲ ሹፌሮቹ፣ ሰላጣ በልተው ሄዱ። አባዬ ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚውለው።

ለወንድሜም ሠርግ ሥጋ የሚታዘዝበት ቀን ደረሰና ከየወገኑ ስንት ሰው እንደሚመጣ የሚያውቅ ጠፋ። የጥሪ ካርዱን፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ እማዬ ለቸርቿ ሰዎች፣ አባዬ ለጓደኞቹ አድለዋል፤ የጻፈ ግን የለም።

«እናትሽ ከእኔ ሃያ ካርድ አስበልጣ ነው የወሰደችው» አለ አባዬ።

«እሱ ነው በሃያ ያነሰ የወሰደው፤ ማን ከለከለው?» አለች እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች።

ሁለት መረጃ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። በፖስታ ጀርባ ላይ የአባዬን ቃል በእማዬ ቃል ውስጥ ተካሁት። ሃያ እኩል ይሆናል ሃያ!

«ይሄን ለማወቅ ነው ኮሌጅ የገባሽው?» አለች እማዬ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሳቁ፣ እንባዋ ይወርዳል።

ለካስ ሁለቱም የሚጨቃጨቁት አንድ ነገር እየተናገሩ ነው። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። ሌላ መረጃ ያስፈልገኝ ነበርና ለወንድሜ ደወልኩ።

«ለሁለቱ መቶ አርባ ነው ፕሪንት ያደረግነው፤ አንድም አልተረፈም» አለኝ።

እሰይ! በእማዬ ካርድ ቦታ «የአባዬና ሃያ» ብዬ ተካሁ። የአባዬ ካርድ ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ተጨምሮበት፣ መቶ አርባ። ሃያው ሲነሳ መቶ ሃያ፤ ለሁለት ሲካፈል ስልሳ። የእማዬ ሰማንያ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ አባዬ። ሊለማመጠኝ ምንም አልቀረውም።

«ደምራቸው፤ ልዩነታቸውንም እየው።»

በጣቱ ቆጥሮ ሲያበቃ ዌስት ሴንት ፖል ከተማ ላለው ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ደወለ። «የስልሳ ሰው ኦርደር ላደርግ ነው» አለ፣ ስልሳዋን ጠበቅ አድርጎ።

በሠርጉ ዕለት ጭልፋ ይዞ በጓደኞቹ መካከል ሲዞር «ኧረ በቃን!» እያሉ ሳህናቸውን ይሸሽጉበት ነበር። አባቴን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

አልጀብራውንም አለፍኩ። ዛሬ ነርስ ነኝ፤ ከዚያ ሁሉ ቀመር የቀረኝ ጥቂት ነው። ኤክስ የምትባለዋን ፊደል ባየሁ ቁጥር ግን የሚታየኝ፣ ሳይበላ እንዳይሄድ የምንሰጋለት እንግዳ ነው።