የአንድሮሜዳ ሬዲዮ ጣቢያ

ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ ላይ የቀድሞውን የቀበሌያችንን ሊቀመንበር አቶ ሰይድን አገኘኋቸው። ገና አቅፈው ሳይጨርሱ «መምህር፣ አንድሮሜዳ ደህና ናት?» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

በደርግ ጊዜ ግን አልሳቅሁም።

ክፍል ውስጥ፣ አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ መጀመሪያ በዓይን እንደ ጭጋግ ታየች፣ በኋላ በቴሌስኮፕ ከዋክብቷ ተለዩ፣ ቀጥሎም በሬዲዮ ተደመጠች ብዬ አስተማርሁ። ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ያኔ የባዕድ ሬዲዮ ማዳመጥ ያሳስር ነበር፤ ተጠራሁ።

«ጓድ መምህር፣ ጣቢያው የማን ነው? የኢምፔሪያሊስቶች?»

«የማንም አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የሚሰማው እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ነው። ሞገዱ ከተነሣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት አልፎታል።»

«ከፊውዳሉ በፊት?»

«ከሰው በፊት!»

አጠገባቸው የነበረው ካድሬ ሊያሳስረኝ ዘበኛ ጠራ። አቶ ሰይድ አስቆሙት።

«ተው ወላሂ! ያኔ መደብ አልነበረም። መደብ ከሌለ ፀረ አብዮት ከየት ይመጣል?»

ካድሬው ዘበኛውን አሰናበተ፤ እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስሁ።

(ዛሬ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ነው ይላሉ። ቃሌን ለማረም ቀበሌ አልሄድሁም።)

እናንተስ፣ በትምህርት ምክንያት ቀበሌ የተጠራችሁ አላችሁ? በምን ክርክር እንደወጣችሁ ጻፉልኝ።