ፈረሱ የዘይነባ ነበር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። የሻርኩትን ጾም፣ የተሳደብኩትን ጎረቤት፣ በሐሰት የማልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ስጨርስ «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ነበረ እንጂ! እኔ ፈረስ ሰርቄአለሁ።

አትደንግጡ። ሣር የሚግጥ፣ ኮርቻ የሚጫን ፈረስ አይደለም። ቁመቱ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ፣ ቴሌቪዥን ላይ ጉድጓድ የሚዘል የኮምፒዩተር ፈረስ ነው። ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። የሰረቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ባለቤቷ እያየች።

በደርግ ጊዜ ነው። ከጎጃም ተመድቤ ባሌ ጎባ ሒሳብ አስተምር ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ጉራዬ ደግሞ ከባሌው ሳነቴ ሜዳ ይሰፋ ነበር። አንድ ህንዳዊ መምህር ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ከቴሌቪዥን ጋር የምትያያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ለትምህርት ቤቱ ትቶ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ «ሒሳብ የሚያውቅ ይያዛት» ብሎ የክፍሉን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። ሒሳብስ አውቃለሁ። ኮምፒዩተር ግን አላውቅም። ይህን ለማን እነግራለሁ? ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስንጎማለል ሰነበትኩ።

ከዚያ አፌ ጉድ አደረገኝ። ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ሲባል «ኮምፒዩተሯ ላይ ፈረስ አዘልላለሁ» አልኩ። ባሌ የፈረስ አገር ነው፤ ከፈረስ የበለጠ ምን ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ህንዳዊው ከተወው መጽሐፍ ላይ እየኮረጅኩ ትእዛዞቹን በወረቀት እጽፋለሁ፤ እኔ በአንድ ጣት ፊደል ለቃሚ ስለሆንኩ የትምህርት ቤቱ ታይፒስት ዘይነባ ትተይብልኛለች። ዘይነባ የሲናና ገበሬ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ በሒሳብ ኤፍ አግኝታ የቀረች። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላሉ።

እኔ ፈረሴን በሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ላዘልለው ተነሣሁ። አንድ ጊዜ መሬት ሰርስሮ ገባ። ሌላ ጊዜ የቴሌቪዥኑን ጣሪያ ጥሶ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ነጎደ፤ በዚያው ቀረ። ዘይነባ ሳቋን እየዋጠች ትተይባለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

አንድ ቀን «እኔም ይህን መማር እችል ይሆን? ስንት ሒሳብስ ይፈልጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን ስሙልኝ። አልጀብራ፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ሎጋሪዝም፣ ካልኩለስ እያልኩ ጣቶቼ እስኪያልቁ ቆጠርኩላት። እኔ ራሴ ካልኩለሱን የት አስገባሁት? የትም! ከተማረች ምንም አለማወቄን ታውቃለች ብዬ ፈራሁ፤ ስለ ፈራሁ ዋሸሁ። እሷ «እሺ መምህር» ብላ መተየቧን ቀጠለች።

ጉብኝቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ምሳዬን በልቼ ስመለስ ፈረሱ ይዘላል። እግዚኦ! አንድ ቁልፍ ስትጫን ቱር ብሎ ይነሣል፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ከዚያ እየፈጠነ ወርዶ ከጉድጓዱ ማዶ ዱብ። ዘይነባ ከወንበሯ ተነሥታ የሰው ዕቃ ስትነካ እንደተያዘች ሆና ቆመች። እኩልታዬን ነቅላ ጥላዋለች። በቦታው ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

«ፈርዲስ ኒ ደዸባ» አለችኝ፤ ፈረስም እኮ ይደክመዋል ማለቷ ነው። «ሲነሣ ኃይለኛ ነው፣ መምህር። አምስት ከፍ በል አልኩት። ከዚያ በየእርምጃው አንድ ይቀነስለት። አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያለ ዜሮ ሲያልፍ መውረድ ይጀምራል። የአባቴ ፈረስ ቦይ ሲዘል እንዲህ ነው።»

ቁጭ አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ያሳደድኩት ኩርባ ያው እሱ ነው፤ በመቀነስ ብቻ መጣ። ስንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንደዚያ ቀን አምሮ ታይቶኝ አያውቅም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሁለታችንም ተራ እየተጋፋን ፈረሱን አዘለልነው። ጉድጓድ ሲገባ እንጮሃለን፣ ሲሻገር እናጨበጭባለን። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ታዲያ ያን ደስታ የሰጠችኝን ሰው ምን አደረግኳት?

እንግዶቹ መጡ። እኔ ዐይኔን በጨው አጥቤ ያን የማይሠራ እኩልታዬን ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩና ፈረሱ የሚዘለው በዚህ ነው አልኩ። ጭብጨባው ክፍሉን አናጋው። ዘይነባ ለስላሳ እንድታቀርብ ታዝዛ ትሪ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። የእንግዶቹ ኃላፊ ጠጋ ብሎ አዲስ አበባ የሦስት ወር የኮምፒዩተር ሥልጠና እንዳለና ለእኛ ሁለት ቦታ እንደተያዘ ነገረኝ። «ከአንተ ጋር የሚሄድ ማን አለ፣ ጓድ መምህር?» አለኝ። ዘይነባን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ነበር።

«በቂ ሒሳብ ያለው ሰው የለም» አልኩ።

ብቻዬን ሄድኩ። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ቀረ። አልሰማችም እንዳልል ሰምታለች። ጊዜው ክፉ ነበር እንዳልል ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ እኔ ነኝ የሰረቅኩት። ስመለስ ደግሞ የሥልጠና የምስክር ወረቀቴን እንድትተይብልኝ ሰጠኋት፤ ቅጂ ፈልጌ። እሷም አንድ ፊደል ሳትስት ተየበችልኝ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ታይፕራይተር ላይ አሳለፈች።

ባለፈው ሳምንት ለጡረታ ጉዳይ ሮቤ ወርጄ በአንድ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ በር ሳልፍ በመስኮት ምን አየሁ መሰላችሁ? ፈረስ ይዘላል። አሁን ባለ ቀለም ሆኗል፣ ጋማው ይውለበለባል፤ አዘላለሉን ግን አወቅኩት። ቱር፣ ቀስ፣ ዱብ። ዘይነባ «አካም ጂርቱ፣ መምህር!» እያለች ወጣች፤ ከሻሿ ሥር ጸጉሯ ሸብቷል። ቤቱ የራሷ ነው። ኮምፒዩተር ከተማው ሲገባ ብቻዋን መጽሐፍ እያገላበጠች ተማረችው። ፈረሱን በክብ ሜዳ ማዞር ሲያምራት ያ ያስፈራራኋት ትሪጎኖሜትሪ በአንድ ሳምንት እንደገባት ነገረችኝ፣ «ስፈልገው ጊዜ ቀለለኝ» ብላ እየሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ደስታው እንባ አመጣብኝ።

ከዚያ የምታሠለጥናቸውን ልጆች ሰብስባ «የመጀመሪያዋን ኮምፒዩተር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው» ብላ አስተዋወቀችኝ። ይኼን ያህል ብቻ፤ ሌላ አልጨመረችም። አንዲት ሠልጣኝ ተነሥታ ጌም ለመሥራት ስንት ሒሳብ ይበቃል ብላ ጠየቀችኝ። ዘይነባ ልክ እንደ ያኔው አየችኝ። እኔስ? እንደ ሁኔታው ነው ምናምን ብዬ፣ ሻዬን በቁሜ ጨልጬ ወጣሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ሰረቅኳት ማለት አይደለም?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሮቤ ወርጄ ይህን ወረቀት በልጆቹ ፊት አነባለሁ። አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ መልሴ ይኸው፦ ለመጀመር መደመር፣ መቀነስ፣ የቱ ይበልጣል ብሎ ማየት ይበቃሻል። የቀረውን ሒሳብ የምትሠሪው ጨዋታ ራሱ ይጠይቅሻል፤ ሲጠይቅሽ አትሽሺ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ይህን ያወቅኩት ከአስተማሪሽ ነው። ፈረሱ የእሷ ነው፤ አዲስ አበባ የነበረው ቦታም የእሷ ነበር።

ዘይነባ፣ ይቅርታሽን ገና አልጠይቅም። ነገ ለስላሳውን እኔ አቀርባለሁ፤ አንቺ ሰሌዳው ፊት ቁሚ።