የሰቦቃ መስኮትና የእትዬ ሥርጉት ቡፌ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ግንበኛ ሰቦቃን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው ወይ ቤቱ መስኮት የለውም። ሰቦቃ እስከ ሠላሳ ዓመቱ የካ ላይ ገብስ ሲያርስ ፀሐይ የጠገበ ሰው ነው፤ ከተማ ገብቶ ግን ሰዎች ከፍለው ጨለማ ሲያሠሩ አየ። እስከ ዛሬ ግርምቱ አልለቀቀውም። ግድግዳ ከመንካቱ በፊት በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይዋን ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ይውላል።

እትዬ ሥርጉት የሐበሻ ቀሚስ ጠላፊ ናቸው። ሳሎናቸው በጠራራ ፀሐይ እንግዳ ገብቶ ኮት መስቀያውን ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚልበት ጨለማ ነው። ዓይናቸው ደክሞ ጥልፉ ሲንሻፈፍ ደንበኛ መሸሽ ጀመረ፤ ሌላ መተዳደሪያ ደግሞ የላቸውም። ሰቦቃ ተጠራና በምሥራቁ ግድግዳ አህያ ከነጭነቷ የምታልፍበት መስኮት ከፈተላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት፣ ልጁን እንደዳረ አባት መስኮቱን ሊጠይቅ ሄደ። እትዬ ሥርጉት አምፖል አብርተው፣ አፍንጫቸውን ጨርቁ ላይ ተክለው ይጠልፋሉ።

«እትዬ፣ መስኮቴ የት ሄደ?»

«አለ! ከመጋረጃው ጀርባ ነው።»

መጋረጃው ደግሞ ከባለመስታወቱ ቡፌ ጀርባ ነበር። ቡፌው ውስጥ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ማንም ያልጠጣባቸው ስልሳ ብርጭቆዎች ተሰልፈዋል።

«ምነው እትዬ?»

«ፀሐይዋ ሶፋዬን ልታነጣው፣ እኔን ምች ልትመታኝ ነው? ደግሞስ መንገደኛው ሁሉ ቤቴን ይይልኝ?»

«ቡፌውን እንኳ ወደዚያ ብናዞረው…»

«ንካውና ታያለህ! እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።»

ሰቦቃ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ቡፌውን አየ፣ አየ፣ አየ። ከዚያ ካቻቢቴውን አውጥቶ የቡፌውን የጀርባ ጣውላ ፈታና መጋረጃውን ገለጠ። ፀሐይዋ በስልሳ ብርጭቆ ተጣርታ፣ ለስለስ ብላ እትዬ ሥርጉት ጭን ላይ አረፈች። ውጭ ሁለት ሴቶች ቆሙ፦ «ኧረ ብርጭቆ!»

«ከውጭም ይታያል እንዴ?» አሉ እትዬ ሥርጉት።

«ብርጭቆው ብቻ ነው የሚታየው።»

«ይታያ!»

ክሩን አነሡ። እስከ ትናንት በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ግማሽ ሰዓትና የሦስት ቅዱሳን ስም ይፈጅባቸው ነበር፤ አሁን ባንዴ ገባ። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ ሰቦቃ! ይሄ ሁሉ አቧራ ከየት መጣ?»

«የድሮ ነው እትዬ፤ ዛሬ ታየ እንጂ።»

«ያሳየኸኝ አንተ ነህ፤ እጠብ!»

ሲሚንቶ የለመደው እጅ እስከ ክርኑ ሳሙና ውስጥ ገባ። ሰቦቃ ሃያኛውን ብርጭቆ ሲያለቀልቅ እትዬ ሥርጉት የቀሚሱን የአንገት ጥልፍ ጨርሰው ነበር፤ ቀጥ ያለ።