ሕገ መንግሥት በውርድ ንባብ

ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ አንድ ቅጽ አነብ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «እማማ፣ ለእኔ ነው የሚያነቡልኝ?» አለችኝ። እማማ! ገና ሃምሳ ያልሞላኝን ሴት እማማ ማለቷ ራሱ ያስከስሳታል። ግን ልጅቱ አልዋሸችም። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከጉሮሮዬም ዝቅ ያለ ዜማ ይወጣ ነበር፤ ለእኔ ግን አልታወቀኝም። ይህ አመሌ ዛሬ ሰው ያስቃል። በወጣትነቴ ግን ከፖሊስ እጩ መኮንንነት ፈተና ሊያስባርረኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

የተወለድኩት ላሊበላ ነው። አባቴ መሪጌታ ጥበቡ የንባብ ቤት መምህር ነበሩ። ግቢያችን ቀኑን ሙሉ በተማሪ ድምፅ ይናወጥ ነበር፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት ከእናቴ ጓዳ ሆኜ የእነሱን ጩኸት እየሰማሁ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝምና ሁለት ዓመት እቤት ተቀመጥኩ። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አንድ ቀን ወረዳው ሰሌዳ ላይ ለእጩ መኮንንነት ሴቶችም መወዳደር ይችላሉ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። የዕድሜውን ገደብ ባየው ለእኔ የመጨረሻዋ ዓመት ናት። ዘንድሮ ካለፍኩ አለፍኩ፤ ከወደቅሁ በቃ። ማንንም ሳላማክር ተመዘገብኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደብሩ ደረሰ። ካህናቱ ከማኅሌት ሲወጡ «የመሪጌታ ልጅ ዱላ ይዛ ሌባ ልታሳድድ ነው አሉ» እያሉ አባቴን ይነካኳቸው ጀመር። አባቴ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ፈተናው ምንድን ነው?»

«ሩጫና አጠቃላይ እውቀት፣ ደግሞ ሕግ ነው አባዬ። ሕጉ ነው ብዙ ነጥብ ያለው።»

«ሕጉ መጽሐፍ አለው?»

«አለው።»

«አምጭው።»

ከቀበሌ የተዋስኳትን ትንሽ የሕገ መንግሥት መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አደረጓት። «ስንት አንቀጽ ነው?» አሉ። መቶ ስድስት ነው አልኳቸው። «መቶ ስድስት ብቻ? ይቺማ ምን አላት! ነገ ጠዋት ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጭ። እዚያ ስትቀመጭ ግን አባዬ የለም፤ የኔታ ነው የምትይ።» ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ የሺ፣ አንች ከወደቅሽ የሚስቁት በእኔ ነው» አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፈተናው የሁለታችን ሆነ።

አባቴ የሚያውቁት የማስተማሪያ መንገድ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቃሉን ፊደል በፊደል ያስቆጥራሉ፤ ቀጥሎ በዝግታ ያስነብባሉ፤ በመጨረሻ በውርድ ንባብ፣ ማለትም ድምፅን እያነሡና እየጣሉ በዜማ ያስወርዳሉ። ተማሪዎቹ በግእዝ ያዜማሉ፤ እኔ ከዳር ተቀምጬ «ማንኛውም ሰው» እያልኩ አዜማለሁ። ሪፐብሊክ የምትለዋን ቃል የት አንሥተው የት እንደሚጥሏት ቸግሯቸው አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጨነቁባት ሰነበቱ። «ይቺ ቃል ዜማ አትቀበልም፤ ከየት ነው ያመጧት?» ይሉ ነበር። ስሳሳት አይቆጡም፤ በአለንጋቸው ጫፍ መሬቱን መታ ያደርጋሉ። ያኔ ካቆምኩበት መቀጠል የለም፣ ከላይ እንደገና መነሣት ነው።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሩጫውን የምለማመደው ጎሕ ሲቀድ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ነው። ከቀሚሴ ሥር የወንድሜን ቱታ አጥልቄ በዚያ አቧራ ስበር፣ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ሸክማቸውን ጥለው፣ «ልጄ፣ ማን ሞተ?» ብለው አለቀሱ። በእኛ አገር ሴት መርዶ ካልያዘች ምን ያስሮጣታል! ማንም አልሞተም ብዬ ባስረዳቸው ደግሞ ተቆጡ፤ «እና ለምን ታስደነግጭኛለሽ?» ከሩጫ ተመልሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም። የካህን ቤት ነዋ! ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ እናቴ የምታቀርብልኝ የሱፍ ፍትፍት ጣዕሙ ዛሬም አፌ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድግስ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

ፈተናው ወልድያ ነበር። በጭነት አይሱዙ ጋሸና ድረስ ሄድኩ፤ ጋሸና ላይ ሹፌሮቹ ሽሮ ከበው ሲበሉ እኔ መኪናው ጥላ ሥር ቆሜ አንቀጾቼን ስወርድ ቆየሁ። በማግስቱ ሩጫውን ከሴቶቹ ሁለተኛ ሆኜ ጨረስኩ። የላስታ ዳገት ያሰለጠነው ሳንባ ወልድያ ላይ ምን ያቅተዋል! ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ በጽሑፉ ፈተና ነው።

ጥያቄው የተያዙ ሰዎችን መብት ዘርዝሪ ይላል። አውቀዋለሁ! ችግሩ ዜማ ከመሀል አይገባም። እዚያ ለመድረስ ከፍ ካለው አንቀጽ መነሣት አለብኝ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ተነሣሁ። ከንፈሬ ቀደመ፣ ድምፄ ተከተለ፣ መወዛወዝም ጀምሬ ኖሯል። በድንገት ወረቀቴ ከእጄ ተመነጨቀ።

«ስታስኮርጂ ይዤሻለሁ። ውጪ!» አለ ተቆጣጣሪው።

ዓይኔ ላይ የመጣው ፈተናው አልነበረም፤ ከማኅሌት የሚወጡት ካህናት ሳቅ ነው። «ጌታዬ፣ ለማንም አልነገርኩም። እኔ ሳላዜም አይመጣልኝም» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተቆጣጣሪውም ያላገጥኩበት መስሎት ይብስ ተቆጣ። በጩኸቱ የፈተናው ኃላፊ፣ ጠጉራቸው የሸበተ መኮንን መጡና ወደ በረንዳ አወጡኝ።

«አንቀጽ አስራ ዘጠኝ ምን ይላል?» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ጌታዬ፣ ከአስራ ሰባት ካልተነሣሁ አላገኘውም» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ተነሽ እሺ» አሉ።

ተነሣሁ። እንዳስተማሩኝ እያነሣሁ፣ እየጣልኩ፣ አስራ ሰባትን ጨርሼ፣ አስራ ስምንትን አልፌ አስራ ዘጠኝ ገባሁ። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ሳላውቀው ከፍ አለ። ኃላፊው ቀና ብለው በመስኮቱ ቢያዩ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። «መስኮቱን ዝጋው!» ብለው በተቆጣጣሪው ላይ ጮኹበት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነው ያስተማረሽ?»

«የኔታ» አልኩ። አባቴ ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነው።

«ወረቀቷን ስጣት» አሉት ተቆጣጣሪውን። «ወንበር ከግቢው ጫፍ ዛፍ ሥር አውጣላት። እዚያ እንደ ልቧ ታዚም፤ አንተም አብረሃት ቁም።» ሃያ ደቂቃ ያህል አምልጦኛል። ዛፉ ሥር ተቀምጬ፣ ያ ተቆጣጣሪ እንደ ዘበኛ ከአጠገቤ ቆሞ፣ እያዜምኩ ጻፍኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ነበርኩ።

ላሊበላ ተመልሼ የሆነውን ስነግራቸው አባቴ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በልብሽ አንብቢ ሳልልሽ ላክሁሽ» አሉ። ውጤቱ እስኪመጣ አምስት ሳምንት እህል አልወረደላቸውም፤ እኔም ከጓዳ አልወጣሁም። በመጨረሻ ወረዳው ሰሌዳ ላይ ስሜን ሳየው እልል ያልኩት እዚያው መንገድ ላይ ነው። አባቴ ሲሰሙ «እሰይ» ብቻ ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። እንዴ፣ ይኸው ብቻ ነው? ብዬ አዘንኩ፤ አልዋሽም።

ለሥልጠና ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከወገል ጤና አንድ አረጋዊ ቄስ በእንግድነት መጡ። ማዕድ ላይ አባቴን፣ «የኔታ፣ ከእርስዎ እጅ ወጥተው ለቁም ነገር የበቁ ተማሪዎች እነማን ናቸው?» አሏቸው። አባቴ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንዱ ነአኩቶ ለአብ ያገለግላል። አንዱ ጋሸና ደብር ላይ መሪጌታ ሆኗል። አንዱ ቅኔ ተቀኝቶ ጎጃም ቀርቷል። እኔ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አራተኛዋን ጣት ያዙና፣ «የሺ ደግሞ ፖሊስ ናት» አሉ። እንግዳው ደንገጥ ብለው አዩኝ። አባቴ ግን አላብራሩም፤ አምስተኛውን ቀጠሉ።

አባቴ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ትከሻዬ ላይ ብዙ ማዕረግ ተሰክቷል፤ ሲሰካልኝ ሁሉ ደስ ብሎኛል፣ ሰውም አጨብጭቦልኛል። ነገር ግን አንጀቴ ቅቤ የጠጣው ያን ቀን ነው፤ በአባቴ አራተኛ ጣት ላይ ስቆጠር።