የታጠፈው መስመር

የቢሯችን ሰው ሁሉ «እትዬ ታይፕ» ይላቸዋል። ሲቀጠሩ በጽሕፈት መኪና ነበር፤ መኪናዋ ከተጣለች ስንት ዓመቷ፣ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። አሁን በቤቶች ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ወረቀት አይጥሉም። ዓመቱ ላለቀ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ እንኳ ማህደር ይከፍቱለታል እያልን እናማቸዋለን።

እኔ መስኮት ሁለት ነኝ፤ የቤት ካርታ ስም አዛውራለሁ። ከራሴ በላይ በመስታወት የታሰረ ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር፦ «ሴት ባለጉዳዮች ባል፣ አባት ወይም ወንድም ይዘው ይቅረቡ።» ስቀጠር እዚያው ነው ያገኘሁት። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ይመቸኝም ነበር፤ ወረፋ ሲበዛ ግማሹን በጣቴ ግድግዳውን እያሳየሁ እመልሳለሁ።

አንድ ሰኞ አንዲት ልብስ ሰፊ በክራንች ሠላሳ ሁለቱን ደረጃ ወጥታ ፊቴ ቆመች። ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ካርታው እስከ ዓርብ በስሟ ካልዞረ ማህደሩ ይዘጋል። አባት የላት፣ ወንድም የላት። ያለው የባሏ ታላቅ ወንድም ብቻ ነው።

«እሱ ደግሞ የምፈርመው ቤቱ በእኔ ስም ከዞረ ነው አለኝ» አለች። «ከዚያ እኔና ልጆቼ በሱ ቸርነት ልናድር ነው?»

ጣቴ እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ተነሳች። ሴትየዋ አላለቀሰችም።

«ይህን ሁሉ ደረጃ ስወጣ ወንድ አላስፈለገኝም። ለፊርማ ነው የሚያስፈልገኝ?»

ጣቴን ሰበሰብኩ። ለካ እትዬ ታይፕ ማህደር ታቅፈው ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ይህን ማስታወቂያ እኮ የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ። «መመሪያው የቱ እንደነበረ ግን ትዝ አይለኝም።»

የሴትየዋን ስልክ ቁጥር ይዘን ሸኘናት። የበላይ ኃላፊያችን «ማስረጃ ሳይኖር አላወርደውም» ስላሉ እትዬ ታይፕ ሦስት ቀን ሙሉ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ሲያራግፉ ከረሙ። ሐሙስ ከሰዓት የካርቦን ቅጂው ተገኘ። ግድግዳው ላይ የሌለ አንድ መስመር ነበረው፦ «የሚስቶች መዝገብ ከጥረዛ እስኪመለስ፣ ለአንድ ወር ብቻ።» ለካ ያኔ ባሎች በአንድ መዝገብ፣ ሚስቶች በሌላ ይጻፉ ነበር። የሚስቶቹ ተቀዶ ጠራዥ ዘንድ ሲሄድ፣ ሴቶቹን በወንዶቹ በኩል ማመሳከር ግድ ሆነ። መዝገቡ በወሩ ተመልሷል።

መስታወቱን አውርደን ፈታነው። የመጨረሻው መስመር ወደ ኋላ ታጥፎ ተኝቷል።

«ክፈፉ አጠረብኝ» አሉ እትዬ ታይፕ። «በገዛ እጄ አጠፍኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት!»

«እርስዎ አንዴ ነው ያጠፉት» አልኳቸው። «እኔ በቀን አሥር ጊዜ ሳጥፈው ኖሬያለሁ።» አፈርኩ፤ ግን ደግሞ ከትከሻዬ ላይ ጆንያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት አስተያዩና ማንኛዋም ሴት በራሷ ፊርማ እንድትስተናገድ ጽፈው ፈረሙ። ለልብስ ሰፊዋ ደጋግመን ደወልን፤ ስልኳ ዝግ ነው።

ዓርብ ጠዋት ግቢ ስትገባ በመስኮት አየናት። ተስፋ ቆርጣ የባሏን ወንድም አስከትላ መጥታለች። እትዬ ታይፕ አንገታቸውን አውጥተው «ደረጃውን እንዳትነኪው!» ብለው ጮኹ። ማህተሙንም፣ መዝገቡንም፣ እኔንም እየጎተቱ ወረዱ። ወረቀቱን የዘረጋነው የጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ዛሬ «መስኮት ዜሮ» ይባላል፤ ደረጃ የሚከብደው ሁሉ እዚያ ይስተናገዳል።

ሰውየው እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘ። «የቱ ጋ ልፈርም?»

«እርስዎ የትም» አሉ እትዬ ታይፕ። «የምትፈርመው ባለጉዳይዋ ናት።»

ሴትየዋ ወረቀቱን አየች፣ እኛን አየች።

«እኔ ብቻ?»

«አንቺ ብቻ፣ እህቴ። ቤቱም በስምሽ ነው።»

እፎይ ስትል ክራንቿ ከእጇ አምልጦ ወደቀ፤ ሳቋ መጣ፣ የኛም መጣ። ከዚያ የሰውየውን እስክሪብቶ ከጣቶቹ መሀል ወሰደች፣ ስሟን ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ጻፈች፣ ፈረመችበት፣ መለሰችለት።

«ይባረኩ ወንድም ጋሼ» አለች። «እስክሪብቶዎ ደህና ይጽፋል።»